የአብዱላሂ ጢንዚዛዎች

«ጠጣ እንጂ፣ አቦ! ሆጃው ቀዘቀዘ» አለው የሟች የግጦሽ ጎረቤት ሽሬ።

ገብረ መድኅን የቡና ቅጠሉን ሆጃ አነሳና ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠ። የአብዱላሂ ለቅሶ፣ ተዕዚያው፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ገንደ ቆሬ ሰፈር ዳር በተጣለው ዳስ ወንዶቹ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ከሟች ሚስት ከአዴ ሃዎ ጋር ቤት ውስጥ ናቸው። ገብረ መድኅን ሁለቱን ቀን መጥቶ የመጣበትን ሳይናገር ተመልሷል። የሚፈልገው አዴ ሃዎ «አፉ ብዬሃለሁ» እንድትለው ነበር። አብዱላሂን በሕይወት ሳለ ይቅርታ ሳይጠይቀው ቀርቷልና።

«ለመሆኑ ምን ገደለው?» አለ ሹክ ብሎ ከሽሬ ጎን የተቀመጠ እንግዳ።

«ፀሐይ ናት፣ ወላሂ። በዚያ ዕድሜው ከሐርላ መንደር በእግሩ እበት ይሸከም ነበር። ሰው ሁሉ ‹ሽማግሌው አበደ› ብሎ ሳቀበት።»

«እበት? ከብት እያለው?»

«የእሱ ከብቶች እበት ውስጥ ጢንዚዛ የለማ!» አለና ሽሬ ገብረ መድኅንን አየት አድርጎ ሆጃውን ፉት አለ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓ.ም.፣ ገብረ መድኅን የእንስሳት ሕክምና ኮርስ ጨርሶ የመጣ ጎረምሳ ነበር። መርጫው ትከሻው ላይ ነው፤ ልቡ ደግሞ ከመርጫው በላይ ተነፍቷል። የከብቱን ዓይን የሚወረውን ዝንብ ላጥፋ ብሎ በግጦሹ እበት ሁሉ ላይ መድኃኒት ሊረጭ መጣ። አብዱላሂ መንገዱን ዘጋበት። ጎንበስ ብሎ ትኩስ እበት በእንጨት ሲገልጥ፣ ጥቋቁር ጢንዚዛዎች እበቱን እያድቦለቦሉ ወደ ጉድጓዳቸው ያስገባሉ።

«እያቸው፣ ልጄ። የእኔ ገበሬዎች እነዚህ ናቸው፤ ያለ በሬ ያርሳሉ። እበቱን ቀብረው መሬቱን ያበሉታል፤ ዝናቡም በቀዳዳቸው ይገባል። እበቱን እነሱ ከጨረሱት ዝንቡ የት ይፈለፈላል?»

«አባባ፣ ይሄ በትምህርት የሚታወቅ ነገር ነው» አለና ገብረ መድኅን ሳቀ። ስቆም ረጨ። ያን ሳቁን ባስታወሰ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ዝንቡ ጠፋ፤ ጢንዚዛውም አብሮት ጠፋ። በዓመቱ ዝንቡ ብቻ ተመለሰ። እበቱ በወደቀበት እንደ ቂጣ ደርቆ ሣሩን አፈነው። መሬቱ ጠጠረ፤ ዝናቡ ሳይሰርግ እየተንሸራተተ ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረደ። ከአሥራ አራቱ ላሞች አምስት ቀሩ። አብዱላሂ ግን አንድም ቀን አልወቀሰውም። መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ብሎት ያልፋል። ገብረ መድኅንን የበላው ይኸው ሰላምታ ነው። «ነገ እጠይቀዋለሁ» ሲል አራት ዓመት አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ገብረ መድኅን ተነሥቶ ከቤቱ በር ደፍ ቆመ።

«አዴ ሃዎ፣ መሬቱን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። አባባን ለዚያ መንገድ የዳረግሁትም እኔው ነኝ። አፉ ይበሉኝ።»

አዴ ሃዎ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ በሩ መጣች።

«በእሱ ፋንታ አፉ ማለት አልችልም» አለች። «የራሴንም ዛሬ ልቤ እምቢ አለኝ። አትቀየመኝ።»

«አልቀየምም።»

በሩ አጠገብ፣ በግድግዳው ጥላ ወዳለ እበት የሞላ ቅርጫት ጠቆመች። «ያን ተሸክሞ ነው የወደቀው። ሰዎቹ ከእሱ ጋር አመጡት፤ ግጦሹ ድረስ ግን ማንም አላደረሰውም። እኔ ኢዳ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣም። እዚሁ ሆኜ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።»

ገብረ መድኅን ተንበርክኮ የእበቱን ቅርፊት በጣቱ ሰበረ። ከውስጥ እርጥብ ነው። አንዲት ጢንዚዛ እግሮቿን እያንቀሳቀሰች ወደ ጨለማው ሸሸች። እንባው ሰው ፊት ወረደ፤ አልጠረገውም። ቅርጫቱን ብድግ አድርጎ ባዶ ራሱ ላይ ሊያስቀምጥ ታገለ፤ ሸክም የለመደ ሰው አይደለም። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ቀና ብለው አዩት።

«ቆይ» አለች አዴ ሃዎ። «ራስህን ይጎዳሃል።»

የሐዘን ጨርቋን ከትከሻዋ አወረደች። ጠምዝዛ ከራሱና ከቅርጫቱ መሃል የሚገባ ክብ አደረገችውና ደፉን ሳትሻገር እጇን ዘረጋችለት።