ከድንጋዩ ጋር የመጡት

የአሰላ ሰው ቤቱ ውሻ ያሳድጋል፣ ድመት ያሳድጋል። የእኔ ባል ባሕር አስገባ። አላጋነንኩም። ሳሎናችን ውስጥ ከሶፋው የሚረዝም የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ከጅቡቲ በጀሪካን ተቀድቶ በከባድ መኪና የመጣ የጨው ውኃ ነው። ብርዳችንን ስለማይችል ማሞቂያ አለው። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋለት ሞተር እንዳይቆምም የመኪና ባትሪ ተገዝቶለታል። እኔ በጨለማ ስቀመጥ ባትሪ የገዛልኝ የለም።

ባሌ አሰግድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ጭነት እስኪደርሰው ወደብ ላይ ሲጠብቅ፣ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሲፈልጉ እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ውስጥ ዓሣ ሲያይ ይውል ነበር። ኋላ አዋሽ አጠገብ መኪናው ተገለበጠና የትከሻው ነርቭ ተጎዳ። ቀኝ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ይጨብጣል፤ የጨበጠው እሳት ይሁን በረዶ ግን አያውቅም። አንድ ቀን የጋለ የድስት ክዳን በዚያ እጁ አንስቶ፣ መቃጠሉን ያወቅነው ቆዳው ሲሸት ነው። እንዲህ ያለ እጅ መሪ አይዝም። ሐኪሙ ስሜቱ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለን። ከተመለሰ ደግሞ መጀመሪያ እንደ መርፌ እየወጋ ወይም እያቃጠለ ሊመጣ ይችላል አለ።

ከዚያ በኋላ አሰግድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ሰው ሆነ። መጋረጃ ስከፍት ይቆጣል፣ ምግብ ሳቀርብ በልቻለሁ ይላል። ገንዳውን ያመጣለት አብሮት ይነዳ የነበረው ሊበን ነው። ጅቡቲ ላይ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ሲሰጠው፣ ከነድንጋዩና ከሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ጋር ጭኖት ከች አለ። እኔ ሊበንን በር ላይ ያላልኩት ነገር የለም። እሱ በኦሮምኛ እየቀለደ አልፎኝ ገባ። በማግስቱ ግን አሰግድ ከአልጋው ተነስቶ ገንዳው ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዳው የምነጫነጨው ለአመል ያህል ነው።

ከድንጋዩ ጋር ትሎችም እንደመጡ ያወቅሁት አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ነው። ሻማ ስፈልግ የስልኬን መብራት ወደ ገንዳው አዞርኩት። ከድንጋዩ ቀዳዳ ቀይ ቡናማ ነገር እየተሳበ ይወጣል፤ ጎንና ጎኑ በነጭ ጸጉር የተሸፈነ፣ ከጣቴ የሚረዝም። አንድም አይደለም። ዓሦቹ ያስተረፉትን ምግብ ከአሸዋው ላይ እየለቀሙ ነው። እንዴት እንደጮህኩ ጎረቤት ይንገራችሁ።

በማግስቱ አንዱን ከመስታወቱ ላይ በእጄ ልይዘው ሞከርኩ። እንደ ሳማ ለበለበኝ። ያ ጸጉሩ ለካ እሾህ ኖሯል፤ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ፣ በፕላስተር እየለጠፍን ነው የነቀልነው። ይኼኔ አሰግድ ሳቀ። ይቺ እጅ ምን ትሆናለች ብሎ ቀኝ እጁን ከተተና ሁለት ትሎች ይዞ ብርጭቆ ውስጥ ጨመራቸው። ጣቶቹ በነጭ እሾህ ተሞልተው ነበር። እኔ ስነቅልለት እሱ የሌላ ሰው እጅ እንደሚታከም ቁጭ ብሎ ያያል። ጨርሼ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ትሎቹን ግን አልጣላቸውም። ዩቲዩብ ላይ ሲፈልግ ውሎ፣ ሕያው ነገር እንደማይነኩ፣ ሥራቸው ትርፍራፊና የሞተ ነገር መብላት እንደሆነ ነገረኝና መልሶ ለቀቃቸው። ከሰፈራችን ሰው ስንቱን ያስንቃሉ አለ። እውነትም ከድንጋዩ ጋር የመጣ አንድ ቀንድ አውጣ ሞቶ ውኃው ይሸታል ብዬ ስፈራ፣ ሌሊቱን ተሰብስበው ባዶ ቀፎውን አጽድተው አስቀመጡት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ ተውኳቸው።

እጁንስ? በየማታው እፈትነው ነበር። ገንዳው ፊት ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ማንኪያ፣ ሹካ፣ የዶሮ ላባ እያነሳሁ ጣቱን እነካዋለሁ። ማንኪያውን ላባ ይላል፣ ሹካውን ምንም አልነካሽኝም ይላል። አንድ ሰሞን ግን ሁሉንም በትክክል መመለስ ጀመረ። ለቅድስት አርሴማ ጥላ ተሳልኩ። በቆጂ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት፤ በስልኩ እልል አለችልኝ። ከዚያ አንድ ማታ ቀና ስል የአሰግድን ዓይኖች በገንዳው መስታወት ውስጥ አየኋቸው። በስሱ ከፍቷቸው፣ እዚያው መስታወት ላይ የእጄን ጥላ እየተከተለ ነው።

"ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው" አለኝ።

ሹካውን ወርውሬ ወጣሁ። የተናደድኩት ስለዋሸኝ ብቻ አልነበረም፤ ስላመንኩት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ እጅ የሚያነሳ ጠፋ።

ለእናቴ ግን የነገራት የለም። የዳነውን እጅ አያለሁ ብላ፣ በሶዋን ይዛ በሚኒባስ መጣች። አሰግድን አቅፋ አገላብጣ ሳመችው፣ እጁን ይዛ እግዜርን አመሰገነች። እሱ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ወጥ ቤት ሥራ እንዳለኝ ሆንኩ። ማታ መብራት ሲጠፋ ትሎቹን አየችና ምስጋናው ቆመ።

እናቴ በቀለች ለትል አንድ መድኃኒት ታውቃለች፤ እሱም ኮሶ ነው። ልጅ ሆነን ያን መራራ ያልጠጣን ቀን አልነበረም ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅ። አሁንም የተፈጨ ኮሶ ከቦርሳዋ አይጠፋም። አሰግድ በትህትና አስረዳት፤ እነሱ እኮ ጠራጊዎቻችን ናቸው፣ እርስዎ አይጨነቁ አላት። ትል ትል ነው አለች። እሺ ያለች መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ እናቴ ሶፋው ላይ እጇን አጣምራ፣ ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው ተቀምጣለች። ኮሶውን በጨርቅ ቋጥራ ከድንጋዩ ኋላ ወትፋዋለች። ውኃው በዚያ በኩል ደፍርሷል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ትሎቹ በቀን ብርሃን ከየቀዳዳቸው እየወጡ ይጠማዘዛሉ። የጮህኩትን ሰምቶ አሰግድ ከመታጠቢያ ቤት ሳሙናው ትከሻው ላይ እንዳለ ሮጦ ወጣ። ትሎቹ ያሉበት ስለሆነ ቀኝ እጁን ነው የከተተው፣ እስከ ብብቱ።

ግን ያ እጅ ጨርቅና ድንጋይ አይለይም። ድንጋዩ ስለጋረደው ለእኔም ለእሱም አይታይም። ወደ ግራ እለዋለሁ፣ ወደ ታች እለዋለሁ፣ እሱ ዝም ብሎ ይዳብሳል። ከዓሦቹ አንዱ በጎኑ ማጋደል ጀመረ። እኔ ልግባ ብዬ እጅጌዬን ስሰበስብ አሰግድ ድርቅ አለ።

"ኤፍራታ" አለኝ። "ያቃጥላል።"

ደሜ ፈላ። "ዛሬ እንኳ አትዋሸኝ።"

"አልዋሸሁም።"

"የቱ ጋ?"

ዓይኑን ጨፈነ። ይኼኔ በደንብ ነበር የጨፈነው። "ሌባ ጣቴ ጫፉ ላይ። የቀለበት ጣቴም። አውራ ጣቴ ምንም የለም።"

እየዳበሰ ቋጠሮውን አገኘው፤ መዞ ሲያወጣው እጁን ቀምቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ነጭ እሾህ ተሰክቷል። የቀለበት ጣቱም ላይ። አውራ ጣቱ ግን ከሁሉም ብሶ ጸጉር አብቅሏል፤ እሱን አልተሰማውም። ሊያስደስተኝ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱን አይተውም ነበር።

ፕላስተሩን ላምጣ ስል ውኃው ይቅደም አለኝ። የደፈረሰውን በጎማ ስበን አፈሰስነው። ሊበን ለመጠባበቂያ የተወልንን የጨው ውኃ ጀሪካኖች ከበረንዳ እያነሳች ያቀበለችን እናቴ ናት፤ ወገቧን ይዛ። ያጋደለው ዓሣ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አሸዋው ላይ የሞቱ ትሎች ነበሩ፤ የቀሩት ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ሁሉም ጸጥ ሲል እናቴ የእጁ ነገር ገባት። ድሮም ኮሶ የማያድነው የለም አለች። ሊያናድደኝ ሲገባ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ከዚያ ፕላስተሩንና መቀሱን ይዤ ገንዳው ፊት አሰግድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌባ ጣቱ ቀልቶ አብጧል። ቆርጬ ልለጥፍለት እጁን ስስበው ወደ ደረቱ ሸሸገው።

"ያምሃል እኮ" አልኩት።

"አዎ" አለኝ። "ተይው፣ ትንሽ ይቆይልኝ።"