የድንች ድርሻ

በዚያ ሰኞ የሚበስል ጠፍቶ ድስታችን አልተጣደም። የኮረብታችን ልጆች ሰሃናቸውን ይዘው መጥተው ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ማክሰኞም ካልበሰለ እናቶቹ ተስፋ ቆርጠው ይበተናሉ፤ ሴቶች ተሰባስበን ያቆምነው የሰፈር ማዕድ ቤትም ያልቅለታል። እኔ ኔሊዳ ደግሞ በቁሜ እያለሁ ያ ምድጃ አይቀዘቅዝም ብዬ ምያለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ በጠዋት ወደ ሊማ ጅምላ ገበያ ወረድኩ። እንደ ልማዳችን ከነጋዴዎቹ የተረፈውን ለመለመን ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሥራ ስለነበሩ አብራኝ የወረደችው ሶልቬይ ብቻ ናት። ሶልቬይ ስፓኒሽ ልትማር ከኖርዌይ የመጣች ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ "ቋንቋውን ሕዝብ እያገለገላችሁ ተማሩ" ብሎ እኛ ላይ ጣላት። ሁለት ወር ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ ከእንባ በቀር ምንም አልወጣትም። አንድ ቀን ቀርታ ግን አታውቅም፤ ይሄንን አልክድም።

"ዛሬ አፍሽን ትከፍቻለሽ" አልኳት። "የቀኙ ረድፍ የኔ፣ የግራው ያንቺ።"

በግራው ረድፍ ሴኞራ ኤውፌሚያ አለች፤ ከተራራው አገር የመጣች ድንች ነጋዴ። ለኔ አንዲት ፍሬ ሰጥታኝ አታውቅም።

ሶልቬይ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቀረበቻት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፣ ባይከብድዎትና ፈቃድዎ ቢሆን..." ነገሩ ላይ ሳትደርስ ኤውፌሚያ ሁለት ደንበኛ ሸኘች።

"ምንድነው የምትለው ይቺ? ልትገዢ ነው ወይስ ልታገቢኝ?" አለች ኤውፌሚያ። ረድፉ በሙሉ በሳቅ አውካካ።

አፈርኩ፣ ተናደድኩም። እዚያው ጥያት ሄድኩ። "የኔ እናት፣ የኔ ጌታ፣ ለልጆቹ" እያልኩ ረድፌን ብጨርስ ያገኘሁት ጥቂት የጠወለገ ካሮትና አንድ የተፈነከተ ዱባ ነው። ይሄ የስንቱን ሆድ ይሞላል?

ስመለስ ሶልቬይን አጣኋት። ለካ ድንች ክምሩ ሥር በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ እስከ ክርኗ አፈር ለብሳ፣ ድንች ትለያለች። ኤውፌሚያ ከላይዋ ቆማ ትጮኻለች።

"የተቆረጠውን ለብቻ አልኩሽ! ዓይን የለሽም እንዴ?"

"የተቆረጠውን ለብቻ" አለች ሶልቬይ። "ዓይን አለኝ። ይሄስ?"

"ትንሹ ለዘር ነው። እጅሽን አፍጥኚው፣ አንቺ ቀርፋፋ!"

"ትንሹ ለዘር። አትጩኺብኝ፣ እሰማለሁ!"

ሁለት ወር ያልወጣት ቋንቋ ይንዠቀዠቃል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ።

"ተነሺ!" አልኳት። "የመጣሽው ልትለምኚ ነው፣ የሷ ገረድ ልትሆኚ አይደለም። ልጆቹ እየጠበቁን ነው!"

ሶልቬይ ቀና እንኳ አላለችም። "መለመን አልሆነልኝም ኔሊዳ። መሥራት እችላለሁ። ክምሩ ሳያልቅ አልነሳም።"

አልተነሳችም። እኔም እያጉረመረምኩ ቆሜ ጠበቅኩ። ክምሩ ሲያልቅ ኤውፌሚያ አንድ ባዶ ኬሻ አራግፋ ደህና ደህናውን ድንች ታጭቅበት ጀመር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ምን ታፈጫለሽ?" አለችኝ። "በኛ አገር ድንች ከማሳ ሲወጣ የረዳ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይሄድም። ባዶዋን ብሸኛት እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትረግመኛለች። ለልመናሽ የሰጠሁሽ እንዳይመስልሽ። የልጅቷ ድርሻ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ..." ብዬ ጎንበስ ማለት ስጀምር ሶልቬይ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኬሻውን አንስታ በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

"ይሄ ብቻ? መርቂልኝ እንጂ ደንበኛዬ!"

ኤውፌሚያ አፈጠጠችባት። ከዚያ ስትስቅ አይቻት የማላውቀው ሴት በሳቅ ፈነዳች፤ በሁለት እጇ እየዘገነች እስከ አፉ ሞላችልን። ለዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን ለማግስቱም የሚተርፍ ድንች ነበር።

"ነገ ጎህ ሳይቀድ ነይ፣ መኪናው ሲራገፍ" አለቻት። ወደ እኔም በአገጯ ጠቆመች። "ይቺንም ይዘሻት ነይ። እጅ አላት አይደል?"

ስድስት ዓመት በዚያ ገበያ "ደግሞ መጣሽ?" ስባል ኖሬያለሁ። "ነይ" ተብዬ ግን አላውቅም ነበር።