የሌላ ሰው ባክቴሪያ

አለቃው በእሱ ላቦራቶሪ አንድም ቀን ስህተት ተፈጥሮ አያውቅም ይላል። ስህተትማ ሞልቷል፤ የጠፋው «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ነው።

ጣቶቿ ከማቅለሚያው ብዛት ስለማይነጡ ባልደረቦቿ ቀይ ጣት የሚሏት መርማሪ፣ ያን ማለዳ የትናንት የመስታወት ስላይዶቿን ደግማ ታይ ነበር። በችኮላ የሠራችው ነገር እያደር ይቆረቁራታል። ዛሬ የቆረቆራት የአንዲት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ አክታ ነው። ትናንት ራሷ «የሳንባ ነቀርሳ አለባት» ብላ ፈርማበታለች። ሴትዮዋ በዚያው ዕለት ከሥራ ታግዳ፣ አሁን የስድስት ወር መድኃኒቷን ልትጀምር ውጭ ወረፋ ይዛለች።

አክታው ላይ ቀይ ማቅለሚያ ይፈስበታል፣ በእሳት ይሞቃል፣ በአሲድ ይታጠብና ሰማያዊ ይደረብበታል። ሌላው ሁሉ ቀዩን ሲለቅ የነቀርሳው ባክቴሪያ ብቻ ግግም ብሎ ይይዘዋል። በሴትዮዋ ስላይድ ላይ አራት ቀያይ ዘንጎች ነበሩ፤ አራቱም ለማይክሮስኮፑ ሌንስ የሚንጠባጠበው ዘይት ጠብ ያለበት ጥግ ላይ። ማይክሮስኮፑን ዝቅ ስታደርግ ሰማያዊዎቹ ሕዋሳት ጠሩ፣ ቀዮቹ ደበዘዙ። ከፍ ስታደርግ ቀዮቹ ጠሩ፣ ሕዋሳቱ ጠፉ። አክታው ላይ አልተጣበቁም፤ ዘይቱ ውስጥ ተንሳፈዋል።

ክው አለች። ትናንት ከዚህ ስላይድ በፊት ያየችው ባክቴሪያ የፈላበት የአንድ ሽማግሌ ስላይድ ነበር። የዘይቱን ብልቃጥ አፍ ሳታስነካ ከላይ ማንጠባጠብ ሲገባት የሽማግሌውን ስላይድ አስነክታዋለች። የሽማግሌውን ባክቴሪያ አንስታ ለሴትዮዋ አስረክባለች።

ከተረፈው አክታ አዲስ ስላይድ ሠራች። ነጻ ናት ለማለት መቶ ቦታ ማየት ይበቃል፤ እሷ ሦስት መቶ አየች። ምንም የለም።

«ውጤቱ ወጥቷል» አለ አለቃው ቀና ሳይል። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሐሙስ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ኪኒን እንደሆነ አይገድላት፤ ለምን እሳት ትጭሪያለሽ?»

«የሌለባትን በሽታ ልትታከም ነው እኮ!»

«ታዲያ ማን ሳተ ሊባል ነው?»

«እኔ።»

«ትባረሪያለሽ፣ ስሚ!»

«ልባረራ!» ፈርታለች፤ መፍራቷም አናዷታል። መዝገቡን ስባ የትናንቱን ውጤት ሰረዘችና «የእኔ ስህተት» ብላ ፈረመች። «ከፈለጉ ገጹን ይቅደዱት፤ እኔ አፍ አለኝ።»

ምግብ አብሳይዋን መድኃኒት መስጫው መስኮት ሥር ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ አገኘቻት።

«እንዳትውጪው፣ እህቴ። በሽታ የለብሽም። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ትመርቀኛለች ብላ ጠብቃ ከነበረ ተሳስታለች።

«ትናንት ልጄ ልትስመኝ ስትሮጥ ገፍቼ መለስኳት!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። «አራት ዓመቷ ነው! ትምህርት ቤቱ የነካሁትን ማንኪያ ሳይቀር ጥሏል። አንቺ ደግሞ እዚህ ጥግ ይዘሽኝ ታንሾካሹኪያለሽ?»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። አለቃው «ተመለሺ!» እያለ በኮሪደሩ ይመጣል። መርማሪዋ አልዞረችም። ጋዋኗን እንደለበሰች የሴትዮዋን ክንድ ይዛ ወጣች።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ልጆቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። መርማሪዋ መምህራኑ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ ሴትዮዋ ጤነኛ እንደሆነች፣ ስህተቱም የማን እንደሆነ።

«ይህን በምን አውቃለሁ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«የትናንቱን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሳይጠይቁ አምነውኛል፤ ዛሬም ያምኑኛል!»

ምግብ አብሳይዋ መልሳቸውን አልጠበቀችም። በክንዳቸው ሥር ሾልካ ወደ ማእድ ቤቱ ገባች።