ሳይጠየቅ የሚገባ የለም

አያ ስጦታው ከሞጣ ቢቸና ድረስ መጥተው እቤቴ ተቀመጡ። የልጄ የብሩክታይት እጮኛ የእንዳለው አባት ናቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ድንኳኑ ሊነጋገሩ የመጡ መስሎኝ ነበር።

«እቴ ይርጋነሽ፣ ዛሬ ልጅቱን ለማስቸገር ነው የመጣሁ» አሉ።

ልጄ የምትሠራውን እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ክሪፕቶ የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ አለ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱን ቶክን ይሉታል። የሚመዘገብበት ብሎክቼን የሚሉትም እንዲሁ ብዙ ነው። ታዲያ እውነተኛውም አስመሳዩም በአንድ ስም ይጠራል። የልጄ የኮድ ላይብረሪ፣ እንደ መዝገብ ያለ ነው፣ የቶክኑን ስም ሲሰጡት የትኛው ብሎክቼን ላይ እንዳለ፣ አድራሻው የት እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣው ለይቶ ይናገራል። በነጻ ነው የለቀቀችው። የሰው አገር ሰዎች ሳይቀሩ በየፕሮግራማቸው አስገብተው ያምኑታል።

የአያ ስጦታው ወንድም ቶክን አውጥቶ የታወቀ ቶክን ስም ሰጥቶታል። ሰው እውነተኛው መስሎት እንዲገዛው፣ ብሩክታይት «የተረጋገጠ» ብላ ላይብረሪዋ ውስጥ ታስገባልን ነው ነገሩ።

«ስሙ የሌላ ነው እኮ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ስም የማንም ነው። ሞጣ ውስጥ ስንት ስጦታው አለ?»

«ታዲያ ስጦታው የተባለ ሁሉ የእርስዎን ሚስት ሚስቴ ይላል?» አልሁ።

ሊስቁ ብለው ተዉት። «ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መካከል ይህን ያህል ምርመራ ምንድን ነው?»

«ልጄን ስትጠይቁ ሽማግሎቻችሁ ሰባት ቤት አስቆጠሩኝ። የቅድመ አያቴ ስም ጠፍቶኝ አክስቴን ፍለጋ ደብረ ወርቅ ወርጃለሁ። ስሟ ይበቃናል ያለ አልነበረም። የእናንተ ቶክን አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጠር ይግባ?»

«እንግዲያው ሠርጉም ይታሰብበታ!»

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። እንዳለውን ትወደዋለች። እኔ ለራሴ እልኸኛ ነኝ፤ የእሷን ትዳር ግን በእኔ እልህ ላፈርስ አልችልም።

«ሥራው ያንቺ፣ ባሉም ያንቺ። አንቺው ተናገሪ» አልኋት።

ቀና አለች። «አስገባዋለሁ ጋሼ። ግን ‹አስመሳይ› ብዬ ነው የማስገባው።»

አያ ስጦታው የቀረበላቸውን ሳይነኩ ብድግ አሉ። «ለእንዳለው እነግረዋለሁ! ምን ዓይነት ቤት ሊገባ እንደነበረ ይስማ!»

ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኋቸው። መናኸሪያ ስደርስ የሞጣው ሚኒባስ ሞልቶ፣ የቀረው ወንበር እሳቸው አጠገብ ነው። ገብቼ ተቀመጥሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«ሞጣ። ልጅዎ ከእኔም ይስማና ራሱ ይቁረጥ» አልሁ። «ይልቅ ጠጋ ይበሉልኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»