በሂናው ተሳበበ

ፍሬሕይወት ፀጉር ስትሠራ እጇ ወርቅ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ይመስክር። አፏ ግን ከእጇ ይቀድማል።

ባለፈው ጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ ለፀጉር ቤቷ አዲስ ሻምፑ አመጣች። ከአሚኖ አሲድ የተሠራ፣ ለሕፃን እንኳ የሚስማማ፣ ዓይን የማያቃጥል ይላል ጠርሙሱ። አመነችው። ጓንቷን ጥላ ከጠዋት እስከ ማታ በባዶ እጇ የሙሽራና የሚዜ ራስ ስታጥብ ሰነበተች። አረፋው ፊቷ ላይ ሲፈናጠቅም በክንዷ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች።

በዚያው ሰሞን፣ ለጥምቀት፣ ፊት ለፊቷ ሱቅ ያላት ጓደኛዋ ናጂሃ እጇን ሂና ቀብታት ነበር። ናጂሃ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሂና የምትቀባ ሴት ናት። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ የፍሬሕይወት ጣቶች ቀሉ፣ ተሰነጣጠቁ፤ የዓይኗ ቆብም አበጠ። ሰው ሲታመም የሚያሳብብበት አያጣም፤ ሂና ደግሞ እጅ ላይ ይታያል፣ ሻምፑ ታጥቦ ይሄዳል። ደንበኞቿ በተቀመጡበት፣ ናጂሃ ኬሚካል ቀላቅላ እንደቀባቻት ተናገረች። ፀጉር ቤት የተወራ ወሬ መቼ እዚያው ይቀራል? ናጂሃ ደጅ የሚቆም ሙሽራ ጠፋ። እሷም ሱቋን ዘጋች፤ ለትዳር የደረሰች ልጇን ፋሪዳን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ሽንዲ ገባች።

ዐቢይ ጾም ሲይዝ ሠርግ ቆመ፣ ፀጉር ቤቱም ጭር አለ። የፍሬሕይወት እጅ ዳነ። አላልኳችሁም፣ ሂናው ስለለቀቀኝ ነው ብላ ኮራች። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ሲመለስ ግን እጇም ዓይኗም በጥር ወር እንደነበረው ሆነ፤ ሂና ደግሞ በአጠገቧም አላለፈ። ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ምን ስትነካ እንደምትውል ጠየቃትና፣ ለስላሳ የተባለ ሻምፑም ቢሆን እጅ ላይ ሲውል ቆዳን እንደሚያስቆጣ፣ ዓይንንም እንደማይምር ነገራት። የዚያን ቀን የተሰማት እፍረት ከቁስሉ ባሰባት።

በማግስቱ ቡሬ ላይ መኪና ቀይራ ሽንዲ ወረደች። ናጂሃ ደጅ ላይ አገኘቻት፤ ከሰላምታው በፊት እጇን ይዛ ገልብጣ አየችው።

"አሁንም አልተወሽም እቴ?" አለቻት።

ፍሬሕይወት እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት፤ ጥፋቱ የሻምፑው እንደሆነ፣ ፍኖተ ሰላም አብረው ተመልሰው በዚያው ሰው ፊት እውነቱን እንደምትናገር።

"ፋሪዳን ባለፈው ሳምንት ዳርኳት" አለች ናጂሃ። "ሰዉ ሂናውን አምጪ አለኝ። ካንቺ በኋላ እጄን ፈራሁት፤ ያንቺን እጅ ካቆሰልኩ የልጄንማ እንዴት ብዬ? እንዲሁ ወጣች።"

ፍሬሕይወት አሁን ቀቢያት ልትላት አሰበች፤ ሠርግ ግን ወደኋላ አይመለስም። እናቷን ልትጠይቅ የመጣችው ፋሪዳ እንግዳዋን ልታስታጥብ ውሃ ይዛ ጎንበስ አለች። የሙሽራዋ እጅ አንዲት ጠብታ ሂና አልነካውም። ፍሬሕይወት እጇን ዘረጋች፤ ቀና ብላ ልታያት ግን አልቻለችም።