የሰባተኛው ረድፍ ንዝረት

ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ የሞተበትን ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከግድግዳው ንዝረት ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ይጀምራል፣ ሲጠፋ ያቆማል። አነስተኛው የግል አየር መንገድ አሥራ አንድ ቅሬታ ደርሶታል። ዘጠኙ «ወንበሩ አይመችም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልጻፉም።

ጉዳዩ ለይርገዱ ተሰጣት። ይርገዱ የንዝረት ቴክኒሻን ናት፤ ፕሮፔለሩ ሚዛኑን ሲስት የቱ ጋ ስንት ግራም ብረት እንደሚጨመርለት ታውቃለች። የስድስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን በሳንባ ምች ካጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ ቦታ የልጇን ስም አንሥታ አታውቅም።

መለኪያዋን ይዛ ልትሳፈር ስትል አቶ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ ደረጃው ሥር ጠበቋት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየሳምንቱ በዚያ ወንበር ሄደው በዚያው ይመለሳሉ።

«ልጄ፣ እባክሽ አትንኪብኝ» አሏት።

«መጀመሪያ ልለካው፣ አባባ።»

አውሮፕላኑ ሲነሣ መለኪያውን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ትከሻዋንም አስደገፈች።

«እማዬ» አለ ግድግዳው። «ጫማዬ ጠበበኝ።»

ይርገዱ መለኪያው ያሳየውን ቁጥር ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

«ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«ስምንት። እማዬ፣ እዚህ ይንቀጠቀጣል። አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«አስተኚኝ።»

አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ አጫወተቻት። የጎረቤት ድመት አራት እንደወለደች፣ አንዷ ነጭ እንደሆነች ነገረቻት። አለቃዋ ምን እንዳገኘች ሲጠይቃት፣ «ይስተካከላል» ብላ አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት መሰላል ላይ ወጥታ ፕሮፔለሩ ላይ ሃያ ሦስት ግራም ብረት ጨመረች። የመጨረሻውን ብሎን ገጠመች፤ ሳታጠብቀው ግን ቆመች። አቶ ገረመው ከሥር ቆመው ያያሉ፤ ማንም አላስወጣቸውም።

«ልጄ እንቅልፍ አጥታ ነበር» አለቻቸው፣ ወደ ታች ሳታይ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የኔዋም ወገቤን ትለኝ ነበር። እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

«ላጥብቀው?»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «አጥብቂው።»

ለሙከራው በረራ ሁለቱም ተሳፈሩ። ይርገዱ የመስኮቱን ወንበር ትታ ከጎኑ ተቀመጠች። የመለኪያው ቁጥር ወርዶ ዜሮ አጠገብ ቆመ። «ኤልዳና» አለች። ትንሽ ጠብቃ ደግማ ጠራቻት። ግድግዳው ዝም አለ። አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች፤ አቶ ገረመው ከኋላ ሆነው ትከሻዋን ያዙ።

ቀና ስትል የመስኮቱ ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶው ግን ተቆልፏል። ለልጅ ወገብ በሚበቃ ልክ ጠብቆ፣ በቀስታ ከፍ ይላል፣ በቀስታ ዝቅ ይላል።