የማቅለሚያ ቤት ልጅ

በማቅለሚያ ቤቱ ጨርቆቹ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ፣ ዶክተር ቪልማ ሐይቅ ውስጥ የገባች ይመስላታል። የጠዋቱ ብርሃን ራሱ ሰማያዊ ነው። በዚህ የሃንጋሪ መንደር ጨርቅ አቅላሚ በሰማያዊ ጥፍሩ ይታወቃል፤ ቀለሙን ሳሙናም ጸሎትም አያስለቅቀውም።

የአራት ዓመቷ ኤመሼ በጨርቆቹ መሃል ስትሯሯጥ ቆየችና ድንገት ቁጢጥ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለች ቪልማ።

«ሰነፍ ናታ!» አሉ አያቷ፣ ሽማግሌው ላዮሽ፣ እየሳቁ። «ጥፍሯን ግን እዪልኝ! የቀለም ገንዳው አጠገብ ሳትደርስ የእኛን ቀለም ይዛለች። ስናቅፋት ነክቷት ነው።»

ቪልማ ትንሿን እጅ ያዘች። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ ድቡልቡል ብሏል። ማዳመጫዋን የልጅቷ ደረት ላይ ስታሳርፍ፣ በልብ ምቱ መሃል ነፋስ በበር ስንጥቅ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ሰማች። የሚወዛወዙት ጨርቆች ሁሉ ቀጥ ያሉ መሰላት።

«ኤሚዬ፣ እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ።»

ልጅቷ አፍራ አፏን ግጥም አደረገች።

«እንዲህ በያ፣ የኔ እመቤት!» አሉ ላዮሽ፤ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ቀይ ምላስ እስከ አገጫቸው አወጡላት።

ኤመሼ ከት ብላ ሳቀችና የሷንም አወጣች። እንደ ጨርቆቹ ሰማያዊ ነበር።

ምላሷን ግን ቀለም የነካው እጅ አቅፎት አያውቅም። ሽማግሌው ምላሳቸውን መመለስ ረስተው፣ እንዳጎነበሱ ቀሩ።